ካቻፑን ወዲያ በሉት፦ ለበርገርና ለችብስ የድሬ ማባያ

ድሬዳዋ ውስጥ የፈለጋችሁት በርገር ቤት ግቡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠብቃችኋል። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ነጭ። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ያለውም ይኸው ነው፣ ሳቢያን ያለውም ይኸው ነው፣ መጋላ ጠርዝ ላይ በአንድ መጥበሻ የተከፈተው ችብስ ቤትም ይኸው ነው። ካቻፕና ማዮኔዝ። በቃ።

ጠርሙሶቹ መኖራቸው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሌላው ሁሉ መጥፋቱ ነው። ከዚያው በርገር ቤት ደጃፍ ሳትርቁ፣ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴትዮ አረንጓዴ ባስባስ፣ ያን የቃሪያ ማባያ፣ በሳህን ይዛ ተቀምጣለች። ፉል ቤቱ ሎሚና ቃሪያ ሳትጠይቁት ያመጣል። ሥጋ ቤቱ ቁርጡን ያለ አዋዜና ያለ ሰናፍጭ ቢያቀርብ ጠብ ይነሳል። ይህ ሁሉ ያለው ከተማ በርገር ሲመጣ ድንገት ምላሱን ይረሳል።

እኔ የማምነው ነገር ቀላል ነው። ለበርገርና ለችብስ ሲባል ከውጭ መማር ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማዮኔዝ። የቀረው ቀፊራ ገበያ ውስጥ አለ። ማዮኔዝ ለምን እንደሚያስፈልግም ምክንያት አለኝ። የኛ ማባያዎች ጎምዛዛም፣ የሚያቃጥልም፣ የሚያስነጥስም አላቸው። የጎደላቸው ቅባት ነው። ቃሪያን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ባስባስ ብቻውን ምላስን ይገርፋል። ማዮኔዝ ውስጥ ሲገባ ግን ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣና አፍ ውስጥ ይዞራል።

ስለ ካቻፕም ልናገርና ልገላገል። የድሬን ውሎ ታውቁታላችሁ። ምሳ ከተበላ በኋላ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል። ሰው መልሶ የሚወጣው ጸሐይ ስትበርድ ነው፤ በርገርና ችብስ የሚበላውም ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት የደረቀ አፍ የሚፈልገው ስኳር አይደለም። የጠርሙስ ካቻፕ ደግሞ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ስኳር ነው። ያውም እውነተኛው ሲሆን። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት የሚያቀርበው ቀይ ነገር ቲማቲም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ውሃ፣ ስታርች፣ ቀለም። የታወቀው ጠርሙሱ ብቻ ነው። ባለቤቱን ስጠይቀው «አቦ፣ የውጭው ተወደደኮ!» አለኝ። አልዋሸም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጠርሙስ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ታዲያ እዚሁ የሚሠራውን አትሠራም ወይ?

ድንቹ እንደሆነ የጎረቤት ነው። ከሐረማያ፣ ከቀርሳ፣ ከሐረርጌዋ ኮምቦልቻ በአይሱዙ ተጭኖ ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ ይመጣል። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. ይባላል። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለደጋው የሚሆን ዝርያ ያወጣል፤ «ቡቡ» አንዱ ነው። እና እባካችሁ ድንችን በጥሬው ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ሙቀቱ እንደሚያስገድድ አውቃለሁ። ግን ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስትጠብሱት ውስጡ ሳይበስል ውጩ ይጠቁራል፣ ይመራል። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥግ ይበቃዋል።

ስለ አጠባበሱ ብዙ አልልም። ከትፋችሁ ስታርቹ እስኪለቅ በውሃ ዘፍዝፉት። በጨርቅ አድርቁት። መጀመሪያ 150 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ዘይት ሳይቀላ አብስሉት፣ አውጥታችሁ አሳርፉት፣ ከዚያ 180 አካባቢ በጋለ ዘይት መልሳችሁ ጥበሱት። ቤልጂጎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። የሚበሉትም በማዮኔዝ ነው እንጂ በካቻፕ አይደለም። ችብስን ከነሱ በላይ የሚያውቅ አለ እንዴ?

ወደ ማዮኔዙ እንግባ። ሰው ለምን እንደሚፈራው አይገባኝም። ዘይትና ውሃ አይዋደዱም። የእንቁላል አስኳል ውስጥ ግን ሌሲቲን የሚባል ነገር አለ። አንድ ጫፉ ውሃን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን። ዘይቱ በቀጭኑ እየገባ ሲመታ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበታተናል፤ ሌሲቲኑ እያንዳንዱን ጠብታ ከብቦ ከሌላው ጋር እንዳይገናኝ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ዘይት በጨመራችሁ ቁጥር የሚወፍረው። ይቀጥናል ብሎ የጠበቀ ሰው ይገረማል።

ለአንድ አስኳል አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቆንጠር አድርጎ ጨው። ዘይቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። እንቁላሉና ዘይቱ የቤቱን ሙቀት የያዙ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍሪጅ ሌላው ከመደርደሪያ ሲሆን አይግባቡም። መጀመሪያ ዘይቱ በጠብታ ይግባ። ቀልጠፍ ብላችሁ ምቱት። መያዙን ስታዩ በቀጭን ክር ማውረድ ትችላላችሁ። ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ እሱም ዘይቱን በመያዝ ያግዛል። ድንገት ከተበጠሰና ዘይቱ ከተለየ አትድፉት። ሌላ አስኳል በንጹሕ ሳህን አድርጉና የተበላሸውን በጠብታ ወደ እሱ መልሱት። ይያያዛል።

የዘይቱ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የሱፍ ዘይት ምርጥ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ድሬ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚታይ ያታልላል። ማዮኔዙ ፍሪጅ ሲገባ ግን ዘይቱ ይረጋና ሶሱ ይፈራርሳል። ሐረር ያለ ሰው ይህን ለማየት ፍሪጅም አያስፈልገው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ይበቃዋል።

አሁን ቁም ነገሩ። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። ሙቀት ደግሞ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። የምግብ ደኅንነት መመሪያዎች የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላሉ። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት ብቻ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ከ32 በታች የሆነችበትን ቀን ያያችሁ ንገሩኝ። በዚያ ላይ መብራት አለ፤ ማለቴ የለም። ስለዚህ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ላለበት ቤት ጥሬውን አልመክርም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አስኳሉን ከሎሚውና ከአንድ ማንኪያ ውሃ ጋር ሳህን ውስጥ አድርጉ። ሳህኑን የፈላ ውሃ ካለበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጡና ሳታቋርጡ አማስሉ። 71 ዲግሪ ሲደርስ ይወፍራል፤ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ማንኪያው ጀርባ ላይ መቅረቱን ይይ። ከዚያ በላይ ከቆየ እንቁላል ፍርፍር ነው የሚሆነው። ወዲያው አውርዱት፣ አቀዝቅዙት፣ ዘይቱን ጨምሩ። ጣዕሙ ከጥሬው አይለይም። እንዲያውም እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ጸንቶ ይቆማል። እሱንም ቢሆን ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት አራት ቀን አታሳልፉት። በትንሹ መሥራት ነው።

ጾም ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ እንቁላልን ይተካል። ይህን በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሽምብራ ስንቀቅል የኖርን ሰዎች ያን ውሃ እየደፋን እዚህ ደረስን! አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽምብራውን አሳድሩት፣ የታደረበትን ውሃ ድፉት። በአዲስ ውሃ በደንብ እስኪበስል ቀቅሉት። ውሃውን ለይታችሁ መልሳችሁ አፍሉት፤ ሲበርድ ዝልግልግ እስኪል ድረስ ይጉደል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ እንደ አንድ እንቁላል ይቆጠራል። ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ጨው ጨምራችሁ በጁስ መፍጫ እያሽከረከራችሁ ዘይቱን በቀጭኑ አውርዱ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጾም የሆነ ማዮኔዝ ይወጣል። ጥሬ እንቁላል ስለሌለው ለሙቀታችንም የተሻለ ነው፤ ያም ሆኖ ቦታው ፍሪጅ ነው። ሽምብራው ራሱ ተደቁሶ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ የጾም በርገር ይሆናል፤ የሚጣል ነገር የለም።

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። ሁመር።

ሁመርን፣ ፈረንጆች ታማሪንድ የሚሉትን ጎምዛዛ ፍሬ፣ የድሬ ሰው የሚያውቀው በብርጭቆ ነው። በረዶ ገብቶበት፣ ቡናማ ሆኖ፣ የመንጋጋን ሥር ሳብ እያደረገ። እኔ ግን የካቻፕን ወንበር ለሱ ነው የሰጠሁት። ካቻፕ የግድ የቲማቲም ነው ያለውስ ማን ነው? መነሻው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ የዓሣ ሶስ ነበር። እንግሊዞች ከእንጉዳይም፣ ከለውዝ ዓይነትም ሠርተውታል። የቲማቲም ካቻፕ አሠራር ታትሞ የወጣው በ1812 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጻፈው ጄምስ ሚዝ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ነው። ሄንዝ የራሱን መሸጥ የጀመረው በ1876 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረ ነገር ድሬ ሲደርስ ሁመር ቢሆን ምን ነውር አለው?

ደግሞ ፈረንጆቹም ሁመርን አይጠሉም። ዉስተርሻየር የሚባለው ጥቁር ሶስ ከ1837 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ ውስጡ ሁመር አለ። ኤችፒ የሚባለው ቡናማ የእንግሊዝ ሶስም ቲማቲም፣ ቴምርና ሁመር አለበት። ሁመርና ቴምር! ሁለቱም እኛ ገበያ አሉ፤ ቴምሩ በረመዳን ጊዜማ በየደጃፉ ነው። ጠርሙሱን በውድ ከምንገዛ ፍሬውን ቀፊራ ሄዶ መግዛት ይሻላል።

ስትገዙ ጥቁርና ለስላሳ የሆነውን ምረጡ። የደረቀውና የጠነከረው ፍሬው ይበዛል፣ ሥጋው ያንሳል። ወደ 200 ግራም ሁመር በሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉ። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በእጃችሁ እሹት፣ ፍሬውና ጅማቱ እስኪለይ። በወንፊት አጥልሉት። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ፤ የሁመር አሲድ ቀልድ አያውቅም። ታርታሪክ አሲድ ነው፤ ወይን ውስጥ ያለው ያው ዓይነት።

ከዚያ አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላሉ። ዝንጅብል ከወደዳችሁ ጨምሩ። ፍሬው የወጣለት ስድስት ሰባት ቴምር በጥቂት ውሃ ፈጭታችሁ ጨምሩበት። የሁመሩን ጭማቂ አፍስሱ። ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ሦስት ቅርንፉድ። ቴምሩ ጣፋጭነቱን ይሰጠዋል፤ ካልበቃ ስኳር ጣል አድርጉ። እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አብስሉት፤ ማንኪያ ላይ እስኪጣበቅ። ቅርንፉዱን አውጡ። ድስቱ አሉሚኒየም አይሁን፤ አሲዱ ብረቱን ይበላና ሶሱ ሳንቲም ሳንቲም ይላል። ስቴንለስ ወይም ኢናሜል የተቀባ ድስት ይሁን።

የዚህ ሶስ ትልቁ ጥቅም ለድሬ የተፈጠረ መሆኑ ነው። አሲዱ ከፍ ያለ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከማዮኔዝ ይልቅ ብዙ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። የእህቴ ልጅ በርገሩ ላይ ሳልነግረው አደረግኩለት። «አክስቴ፣ ይሄ ቡናማው ካቻፕ ከየት ነው የተገዛው?» አለኝ። ለችብሱ ግን ቀዩን ካልሰጠሽኝ ብሎ ሞቶ ተገኘ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ምን ይደረጋል።

የግመል ሥጋ ለሚበላ ሰው ደግሞ ሁመሩ ግድ ነው ባይ ነኝ። እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት አልቀምሰውም። የሙስሊም ጓደኞቼን ቤት ግን ሶሱን ይዤ እሄዳለሁ። የግመል ሥጋ ጮማው ጥቂት ነው፣ ሲፈጭና ሲጠበስ ይደርቃል። እርጥበት የሚሰጠው ከላይ የሚፈሰው ነገር ነው። እነሱ ሁመርና ማዮኔዝ ቀላቅለው ያደርጉበታል። የሚመልሱልኝ ዕቃ ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ታጥቦ።

ቀዩን የቲማቲም ካቻፕ መሥራት ለሚፈልግም በጥቂቱ ልንገር። ቲማቲም የረከሰ ሰሞን ካልሆነ አያዋጣም። አንድ ኪሎ ቲማቲም ተቀቅሎ፣ ተጠልሎ፣ እስኪወፍር ሲንተከተክ የሚቀረው ከሢሶው አይበልጥም። አቼቶ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ጊዜም ጋዝም ይበላል። የታሸገ የቲማቲም ድልህ በአቼቶና በስኳር ማቅጠን አቋራጭ ነው፤ ለችኮላ ጊዜ አያሳፍርም።

ሰናፍጭን ግን ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም ሰው የሚያበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ በሙቅ ውሃ። የሰናፍጭ ፍሬ ሲፈጭና ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራውን ይጀምራል። አፍንጫ ውስጥ የሚወጣውን ነገር የሚፈጥረው እሱ ነው። ሙቅ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ መራራ ለጥፍ ብቻ ይተርፋል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ ሎሚውን ወይም አቼቶውን ጨምሩ፤ አሲዱ ሲገባ ኃይሉ ባለበት ይጸናል። ሎሚውን ቀድማችሁ ካስገባችሁ ግን ገና ሳይነሳ ታስተኙታላችሁ። ጥቂት ዘይት፣ ጨው፣ በቃ። ፈረንጅ ቢጫ ሰናፍጭ በጠርሙስ አሽጎ የሚልክልን ለበርገር ነው፤ የኛው ከሱ ይበረታል። ቀለሙን ብቻ አትጠብቁ፤ የጠርሙሱ ቢጫ ከእርድ ነው የሚመጣው።

ባስባስ። ሳምቡሳ የምትሸጠውን ሴትዮ «ኤዶ፣ ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው?» ብላት፣ «አቦ አንቺ ደግሞ! ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ የድንብላል ቅጠል። ሌላ ምን አለ?» አለችኝ። ሌላ ምንም የለም። ጥበቡ በመጠኑ ላይ ነው። ቅጠሉ እንደ ቃሪያው ይብዛ። ሎሚው አይሰሰት። የየመኖቹ ሰሐዊቅ የዚሁ ወንድም ነው፤ እነሱ ቲማቲምና ከሙን ይጨምሩበታል። ለበርገር ግን ባስባስ ውሃ ስለሚበዛበት ዳቦውን ያረጥባል። ባስባሱን ለብቻው ከማድረግ አንድ እጅ ባስባስ ለሁለት እጅ ማዮኔዝ ቀላቅሉ። ያን አረንጓዴ ነገር ከችብስ ጋር የበላ ሰው ወደ ቀዩ ጠርሙስ እጁን ሲዘረጋ አላየሁም። ከእህቴ ልጅ በቀር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በማያገኘው ዘይት ውስጥ የቦቱሊዝም መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ሽታም ጣዕምም አይቀይርም። በጥቂቱ ሠርታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉና ከአራት ቀን በፊት ጨርሱት።

ብዙ ሰው የማይገምተው ግን አብሽ ነው። ለጤና ብለን አፍንጫችንን ይዘን የምንጠጣው አብሽ። ሐረሪዎች ሑልበት መረቅ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የመኖቹም አብሹን አረፋ አድርገው ከወጥ በላይ ይደፉታል። እኔ ከነዚህ ተውሼ ለችብስ መጥቀሻ አደረግኩት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ብዙ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከላይ ያለውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉት፤ ምሬቱ አብሮት ይሄዳል። የቀረውን ዝልግልግ ነገር በመምቻ ምቱት። ቡናማው ይነጣል፣ ያብጣል፣ አረፋ ይሆናል። ማሽን ካለ አምስት ደቂቃ፣ በእጅ ከሆነ ክንድ ይፈልጋል። ሎሚ፣ ጨው፣ የተደቆሰ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ጥቂት ምቱት። ዘይት የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ጾም ነው። ቅባት የበዛበት ችብስ ላይ ይህ ቀለል ያለ አረፋ ምን እንደሚሠራ ካልቀመሳችሁ አልነግራችሁም። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። እሱን መካድ አልችልም።

ሶሶቹ ካሉ በኋላ የሚቀረው አደራደሩ ነው። እዚህ ላይ ከበርገር ቤቶቹ ጋር አልስማማም። የኛ ሰው በርገር ሲሠራ እንቁላል፣ ቺዝ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት ይከምርና በመጨረሻ ሶሱን ከላይ ያፈስሳል። ሁለት ጉርሻ ሳይሆን ዳቦው ይበሰብሳል፣ እጅ በእጅ ይሆናል። ማዮኔዙ መግባት ያለበት መጀመሪያ ነው፤ ዳቦው ተከፍቶ ውስጡ ከተጠበሰ በኋላ በሁለቱም ፊት ይቀባ። ቅባቱ የሥጋውና የቲማቲሙ ውሃ ወደ ዳቦው እንዳይገባ ይከላከላል። ሁመሩ ሥጋው ላይ በቀጥታ ይሁን፣ ሳይበርድ። ሰናፍጩ ከቺዙ ጎን። ቃሪያው ከፈለጋችሁ በአናቱ። የተከተፈ ሽንኩርት በጥሬው ከምታደርጉ በአቼቶ፣ በጨውና በጥቂት ስኳር ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ሮዝ ይሆናል፣ እንባው ይጠፋል።

ሁሉንም ባንድ ቀን አትሥሩ። ሦስት ይበቃል፤ ቅባቱ አንድ፣ ጎምዛዛው አንድ፣ የሚያቃጥለው አንድ። ለጾም ከሆነ የሽምብራው ማዮኔዝ፣ ሁመርና ባስባስ። ለፍስክ ያው ማዮኔዙን ብቻ ቀይሩ።

ሁመሩን ስታጠልሉ ደግሞ ሁሉንም ድስት ውስጥ አትገልብጡት። ግማሹን ሳይበስል አስቀሩ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ስኳር ጨምሩበት፣ በረዶ ካለ በረዶ። እንግዳ ሲመጣ ችብሱ ከሱ ጋር ይቅረብ፤ ለስላሳ ልግዛ ብሎ ሱቅ የሚላክ ልጅ አይኖርም።